የዓባይ ልጅ ውሃ ጠማው፦ ብረት ላይ ቆሞ ብረት የሚርበው ተክል

 

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ቢጫ የሆነ ቅጠል በስልካችሁ ፎቶ እያነሳችሁ ትልኩልኛላችሁ። አንዱ በርበሬ፣ አንዱ ብርቱካን፣ ሌላው ባቄላ ነው። ከፎቶው ሥር ያለው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ «ቢጫ ሆነብኝ፣ ዩሪያ ልጨምርበት?»

እኔም ቶሎ «ጨምሩ» አልልም። የማልለውም ለክፋት አይደለም። ቢጫ ሁሉ አንድ ቢጫ አይደለም። ዩሪያ ዛሬ በስንት እንደሚገዛ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ያለቦታው የተበተነ ዩሪያ ገንዘብ አባክኖ፣ ወቅት አሳልፎ፣ ቅጠሉን እዚያው ቢጫ እንዳደረገ ይተወዋል።

ስለዚህ ዛሬ ምክሩን ከመስጠቴ በፊት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሰዎች ለተክል ብረት መስጠትን እንዴት እንደተማሩ፣ ስንት ጊዜ እንደተሳሳቱ፣ በመጨረሻም ምን እንዳወቁ የሚናገር ታሪክ ነው። በውስጡ የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ መጨረሻው ከማሳችሁ ጋር ይገናኛል።

ብረት ለተክል ምን ያደርጋል?

ብረት ስል ማረሻውን፣ ዶማውን፣ ማጭዱን ታስባላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ያው ብረት ነው። ተክልም ይፈልገዋል፤ የሚፈልገው ግን እጅግ በጣም ትንሽ ነው።

ቅጠል አረንጓዴ የሚሆነው ክሎሮፊል የሚባል ነገር ስላለው ነው። ተክሉ ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጀው በዚህ አረንጓዴ ነገር አማካይነት ነው። ብረት ክሎሮፊል ውስጥ የለም፤ ነገር ግን ያለ ብረት ክሎሮፊል አይሠራም። እንጀራው ውስጥ ምጣዱን አታገኙትም፣ ያለ ምጣድ ግን እንጀራ የለም። የብረት ነገርም እንዲሁ ነው።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። አንድ ሄክታር መሬት ላይ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ወደ 25,000 ኩንታል ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ከመቶው ሁለቱ እጅ ብቻ ብረት ነው ብንል እንኳ 500 ኩንታል ብረት እግራችሁ ሥር አለ ማለት ነው። ሰብሉ በአንድ ወቅት የሚወስደው ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ኪሎ አይበልጥም።

ታዲያ 500 ኩንታል ብረት ላይ የቆመ ተክል እንዴት ብረት ይርበዋል? «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይሉ የለ አባቶቻችን! ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ፈረንሳይ፣ 1840ዎቹ፦ ቅጠል ላይ የተቀባው ውሃ

ታሪኩ የሚጀምረው በፈረንሳይ አገር ሻቲዮን ሱር ሴን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ ዩዜብ ግሪ የሚባል የኬሚስትሪ መምህር ነበር። በአካባቢው የሚገረጡና የሚቀጭጩ ተክሎችን ያይ ነበር። በዘመኑ ሰዎች ለሰው ደም ማነስ ብረት ያለበት መድኃኒት ይሰጡ ነበርና፣ የተክልም መገርጣት በብረት ይድን እንደሆነ ሊሞክር ተነሳ።

ያደረገው ነገር ቀላል ነው። የብረት ሰልፌት የሚባለውን አረንጓዴ ጨው በውሃ አሟሟ። የተወሰነውን በተክሉ ሥር አፈሰሰ፤ የተወሰነውን ደግሞ የገረጣው ቅጠል ላይ አደረገ። ቅጠሉ ላይ ያረፈው ውሃ በነካው ቦታ አረንጓዴው ተመለሰ። ግሪ ይህንን በ1843 እና በ1844 ጽፎ አሳወቀ።

ልጁ አርተር ግሪ ደግሞ የዕፅዋት ሊቅ ሆነ። በ1857 የገረጣ ቅጠልን በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ አረንጓዴውን ነገር የሚይዙት ጥቃቅን ክፍሎች ብረት ሲጎድል በደንብ እንደማያድጉ፣ ብረት ሲሰጣቸው እንደሚያገግሙ አሳየ። አባት የጀመረውን ልጅ አረጋገጠ።

ይህን የግሪን ዘዴ በልባችሁ ያዙልኝ። ቅጠል ላይ ቀብቶ መጠበቅ ዛሬም እኛ ማሳ ላይ የሚሠራ ሙከራ ነው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ጀርመን፣ 1860፦ አፈር የሌለው እርሻ

ቀጥሎ የመጣው ዩሊየስ ዛክስ የተባለ ጀርመናዊ ነው። «አፈር ውስጥ ብዙ ነገር ስላለ የቱ ምን እንደሚሠራ አይለይም፤ አፈሩን እናስወግደው» ብሎ አሰበ። በ1860 ገደማ ተክልን ያለ አፈር፣ ንጹህ ውሃ በሞላበት ዕቃ ውስጥ፣ የሚያስፈልጉትን ጨዎች እየለካ በመጨመር አሳደገ።

ከጨዎቹ ውስጥ ብረትን ሲተው አዲስ የሚወጣው ቅጠል ነጣ ብሎ ብቅ ይላል። ብረት ሲጨምርበት ደግሞ በቀናት ውስጥ አረንጓዴ ይሆናል። በዚህም ብረት ለተክል የግድ መሆኑ ታወቀ።

ነገር ግን በዚህ ዘዴ የሚሠሩ ሁሉ አንድ ችግር አጋጠማቸው። ዛሬ የጨመሩት ብረት ከጥቂት ቀን በኋላ ከዕቃው ሥር እንደ ዝገት ዝቃጭ ሆኖ ይገኛል። ብረቱ ከዕቃው አልወጣም፣ እዚያው አለ። ነገር ግን ዝገት ሆኗል፤ ዝገትን ደግሞ ሥር አይጠጣውም። ስለዚህ ደግመው ደጋግመው መጨመር ነበረባቸው።

ማረሻችሁን ዝናብ ላይ ብትተዉት ምን ይሆናል? ይዝጋል አይደል? አየርና ውሃ ሲያገኘው ብረት ወደ ዝገት ይለወጣል። አፈር ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። የአፈራችን ቀይ ቀለም ራሱ ከዝገት ወገን ነው። 500 ኩንታሉ ብረት ማለት እንግዲህ ጎተራ ሙሉ እህል ሆኖ በሩ ግን የተቆለፈ ማለት ነው።

የወይን አትክልተኞቹ መከራ

ቁልፉን ይበልጥ የሚያጠብቀው ምን እንደሆነ የታወቀው በፈረንሳይ የወይን ገበሬዎች ላይ በደረሰ መከራ ነው።

በ1860ዎቹ ፊሎክሴራ የተባለች ጥቃቅን ነፍሳት ከአሜሪካ ወደ ፈረንሳይ ገባች። የወይኑን ሥር እየመጠጠች አካባቢውን ሁሉ አደረቀችው። የአሜሪካ የወይን ዝርያዎች ግን ነፍሳቷን ይቋቋሙ ነበር። ስለዚህ እኛ ዛሬ የአቮካዶና የማንጎ ችግኝ ግራፍት እንደምናደርገው፣ የአሜሪካውን ወይን ከሥር አድርገው የፈረንሳዩን ከላይ ገጠሙበት። መፍትሔ ተገኘ ተባለ።

ግን አልተገላገሉም። ኖራ የበዛበት ነጭ አፈር ባለባቸው አካባቢዎች፣ ለምሳሌ በኮኛክ፣ አዲሱ ወይን ቢጫ ሆነ። ከነፍሳቷ ያመለጠው ተክል በመገርጣት ቀጨጨ። የአሜሪካው ሥር የለመደው ሌላ ዓይነት አፈር ነበርና ከኖራማው አፈር ብረት ማውጣት አቃተው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኖራማ አፈር ፒኤቹ ከፍ ያለ ነው። ፒኤች ማለት የአፈሩን ኮምጣጣነት የምንለካበት ቁጥር እንደሆነ ከዚህ በፊት ተነጋግረናል። ይህ ቁጥር በአንድ ከፍ ባለ ቁጥር በውሃ የሚሟሟው ብረት ወደ 1,000 እጥፍ ይቀንሳል። አንድ እጥፍ፣ ሁለት እጥፍ አላልኩም፤ 1,000 እጥፍ ነው።

የፈረንሳይ መንግሥት በ1887 ፒየር ቪያላ የተባለውን የወይን ሊቅ ወደ አሜሪካ ላከ። የተሰጠው ሥራ በኖራ አፈር ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚኖር የዱር ወይን መፈለግ ነበር። ቪያላ በቴክሳስ ቲ. ቪ. ማንሰን የተባለ የወይን አዋቂ አገኘ። ማንሰን ዱሩን ያውቅ ነበርና በኖራ ድንጋይ ኮረብቶች ላይ የሚበቅለውን በርላንዲየሪ የተባለውን ወይን አሳየው። የፈረንሳይ መንግሥትም በ1888 ለማንሰን የክብር ኒሻን ሸለመው።

በርላንዲየሪ ተቆርጦ ሲተከል ቶሎ ሥር አይሰድም። ስለዚህ ከሌላ ወይን ጋር አዳቀሉት። ከእነዚያ ድቅሎች አንዱ 41 ቢ የሚባለው እስከ ዛሬ ድረስ በኮኛክና በሻምፓኝ ኖራማ መሬት ላይ የወይን ሥር ሆኖ ያገለግላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። እነዚያ ገበሬዎች በመጨረሻ የዳኑት መሬቱ ላይ ብረት በመበተን አይደለም። ለመሬታቸው የሚስማማ ዝርያ በመምረጥ ነው። ብረት ብትበትኑበት ኖራማው አፈር ወዲያው ያዘገዋልና።

ሃዋይ፣ 1916፦ ብረት በሞላበት መሬት ላይ ብረት መርጨት

አሁን ከፈረንሳይ ወደ ሃዋይ እንሻገር። ሃዋይ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ያለች የደሴቶች ስብስብ ናት። በ1900ዎቹ መጀመሪያ አናናስ በሰፊው ይመረትባት ጀመር።

ኦዋሁ በምትባለው ደሴት ላይ ግን የተወሰነ መሬት ለአናናስ አልሆን አለ። ተክሉ ይበቅላል፣ ከዚያ ይገረጣል፣ ፍሬውም ትንሽ ሆኖ ይሰነጠቃል። የሚገርመው መሬቱ ብረት የሞላበት መሆኑ ነው። ከብረቱ ጋር ግን ማንጋኒዝ የሚባል ሌላ ማዕድን እጅግ በዝቶበት ነበር። የበዛው ማንጋኒዝ ተክሉ ብረቱን እንዳይጠቀም አገደው።

በሃዋይ የግብርና ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ማክስዌል ጆንሰን የብረት ሰልፌት በውሃ አሟሙቶ ቅጠሉ ላይ ረጨ። የገረጡት አናናሶች አረንጓዴ ሆኑ። ጆንሰን ውጤቱን በ1916 አሳተመ። አልሚዎቹ ጥለውት ሊሄዱ የነበረው መሬት እንደገና ፍሬ ሰጠ፤ ብረት መርጨትም በሃዋይ የአናናስ እርሻ የተለመደ ሥራ ሆነ።

ያን ጊዜ ለሩቅ ተመልካች ቀልድ ይመስል ነበር። ቀይ ብረታማ መሬት ላይ ቆሞ ብረት የሚረጭ ሰው! ጆንሰን ግን የተቆለፈውን በር ትቶ በመስኮት ነው የገባው። ሥር እንቢ ሲል በቅጠል ሰጠ። ግሪ ከ70 ዓመት በፊት ያደረገውን በትልቅ እርሻ ላይ ደገመው ማለት ነው።

ብረቱን አቅፎ የሚይዝ ነገር

አሁንም ግን በውሃ ውስጥ የሚዘግገው ብረት ችግር አልተፈታም። የተፈታው ከእርሻ ጋር ግንኙነት ከሌለው ቦታ በመጣ ግኝት ነው።

ፈርዲናንድ ሙንዝ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1935 ኢዲቲኤ የሚባል ነገር ሠራ። የሠራው ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየም ማቅለሚያውን እያበላሸ ስላስቸገረ፣ ካልሲየሙን አቅፎ የሚይዝለት ነገር ፈልጎ ነው። ኢዲቲኤ ማዕድንን ልክ ሸርጣን በጥፍሮቿ እንደምትይዝ ከብዙ ጎን ይይዛል። እንዲህ ያለው ነገር ኪሌት ይባላል፤ ቃሉም ከግሪክ ሲሆን የሸርጣን ጥፍር ማለት ነው።

ይህ ነገር ብረትንም ያቅፋል። የታቀፈ ብረት ቶሎ አይዘግግም፣ በውሃ ውስጥ እንደሟሟ ይቆያል። በ1951 ጃኮብሰን የተባለ የአሜሪካ ተመራማሪ ተክልን በውሃ ሲያሳድግ ብረትን ከኢዲቲኤ ጋር አድርጎ ጨመረ። በየጊዜው መጨመር ቀረ፤ አንድ ጊዜ የተሰጠው ብረት በቂ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት በ1952 ስቱዋርትና ሌናርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፍሎሪዳ የገረጡ የብርቱካን ዛፎች ሥር ይህንኑ ሰጥተው ዛፎቹ እንዳገገሙ አሳወቁ።

ታዲያ ኢዲቲኤም ገደብ አለው። የፍሎሪዳው አፈር አሸዋማና ኮምጣጣ ነበር። ኖራማ አፈር ላይ ግን ካልሲየሙ ብረቱን ገፍቶ ቦታውን ይወስዳል፤ ብረቱም ወደ ዝገቱ ይመለሳል። ለዚህ ሲባል ኢዲዲኤችኤ የሚባል ሌላ ኪሌት በ1950ዎቹ ተሠራ። እሱ በኖራማ አፈርም ውስጥ ብረቱን አይለቅም። ዋጋው ግን ውድ ስለሆነ የሚያዋጣው ለፍራፍሬና ለመሳሰሉት ነው።

በከተማ አንዳንድ ሰው ቤቱ ውስጥ በመስታወት ገንዳ ዓሣ ያረባል። ከዓሣው ጋር በውሃው ውስጥ አረንጓዴ ተክል ያሳድጋል፤ ለማማሩ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚጋፈጡት ችግር የዛክስ ችግር ነው። የገንዳው ተክል አዲስ ቅጠሉ ሲገረጣ ብረት ይጨምራሉ። ብዙዎቹ የሚይዙት ልክ በአንድ ሊትር ውሃ 0.1 ሚሊ ግራም ብረት ያህል ነው። 100 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ 10 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ ይህ በጣት ጫፍ ከሚያዝ ጨው ያንሳል። የሚጨምሩትም ኪሌት የሆነ ብረት ነው፤ ያልታቀፈ ብረት ቶሎ ይዘቅጣልና። የሚመርጡት ኪሌትም እንደ ውሃቸው ፒኤች ይለያያል። ኖራ ለበዛበት ውሃ ኢዲቲኤ አይበረታም።

ይህን ያነሳሁት ገንዳ ግዙ ለማለት አይደለም። በመስታወት ውስጥ ያለው ነገር ስለሚታይ ነው። ገንዳ ያለው ሰው ብረቱ ሲዘቅጥ በዓይኑ ያያል። እኛ ማሳ ውስጥ ያው ነገር ሲሆን አፈር ስለሸፈነው አናየውም እንጂ ሥራው አንድ ነው።

ገብስ ከሁሉም ቀድሞ ያውቅ ነበር

የመጨረሻው ምዕራፍ እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ነው።

በ1976 ታካጊ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ የሩዝና የአጃን ሥር ያጠበበትን ውሃ መረመረ። ሥሮቹ የተቆለፈ ብረትን የሚያሟሟ ነገር እንደሚያመነጩ አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከገብስ ሥር የተገኘው ይህ ነገር ምን እንደሆነ ተለይቶ ታወቀ፤ ሙጊኔይክ አሲድ ተባለ። ሙጊ በጃፓንኛ ገብስ ማለት ነው።

አስተዋላችሁ? ሰው በፋብሪካ በ1935 የሠራውን ዓይነት ብረት የሚያቅፍ ነገር ገብስ ከድሮ ጀምሮ በሥሩ ይሠራው ነበር። ብረት ሲጎድለው ያመነጫል፣ ብረቱን ያቅፋል፣ ከነእቅፉ ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

በ1986 ማርሽነርና ሮምሄልድ የተባሉ የጀርመን ተመራማሪዎች ተክሎች ብረት የሚያገኙባቸውን መንገዶች በሁለት ከፈሏቸው። እንደ ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎና ማሽላ ያሉ የሣር ወገኖች ብረት የሚያቅፍ ነገር ያመነጫሉ። እንደ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ለውዝ፣ ቲማቲምና ብርቱካን ያሉት ደግሞ በሥራቸው ዙሪያ ያለውን አፈር ኮምጣጣ በማድረግና ብረቱን ወደሚሟሟ ዓይነት በመለወጥ ይጠቀማሉ። ይህ ሁለተኛው መንገድ ኖራ ሲበዛ ይደክማል። በዚህ የተነሳ ኖራማ መሬት ላይ ገብሱ አረንጓዴ ሆኖ ለውዙ ሊገረጣ ይችላል። ከሣሮቹም ገብስ ብርቱ ነው፤ በቆሎና ማሽላ ከእሱ ያንሳሉ፤ ሩዝ ከሁሉም ይደክማል።

የቻይና ተመራማሪዎች ደግሞ በ2000 ባሳተሙት ጥናት አንድ ነገር አሳዩ። በሰሜን ቻይና ኖራማ አፈር ላይ ለውዝ ብቻውን ሲዘራ ይገረጣል። ከበቆሎ ጋር ተሰባጥሮ ሲዘራ ግን ለበቆሎው የቀረበው ለውዝ አረንጓዴ ይሆናል። የበቆሎው ሥር የፈታው ብረት ለጎረቤቱም ተረፈ። አባቶቻችን ሰብል አሰባጥረው ሲዘሩ በዘፈቀደ እንዳልነበረ ከዚህ ትረዳላችሁ።

እንግዲህ ወደ ማሳችን

ታሪኩን ያወራሁላችሁ ለዚህ ነው። ቢጫ ቅጠል ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ምን ልጨምር?» ሳይሆን «ምን ቆለፈው?» የሚለውን ይሁን። በተራ ላስቀምጥላችሁ፦

1. የትኛው ቅጠል ነው ቢጫ የሆነው? የታችኛው፣ አሮጌው ቅጠል ቀድሞ ወጥ ሆኖ ቢጫ ከሆነ የናይትሮጂን እጥረትን ጠርጥሩ፤ የዩሪያ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የላይኛው፣ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ ግን እንደ መረብ አረንጓዴ ሆነው ከቀሩ ብረትን ጠርጥሩ። አዲሱ ቅጠል ከነጅማቱ ወጥ ሆኖ ከገረጣ የሰልፈር እጥረት ሊሆን ይችላል። ፎቶ ስትልኩልኝ ከላይም ከታችም አንስታችሁ ላኩ፤ አንድ ቅጠል ብቻ አይበቃኝም።

2. ውሃ ተኝቶበታል ወይ? ዋልካ መሬት ላይ ውሃ ሲተኛ ሥር ይታፈናል፤ አፈሩ ኖራ ካለበት ደግሞ ብረቱ ይበልጥ ይቆለፋል። እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ ብረት አይደለም፤ ማጠንፈፊያ ቦይ ነው። ውሃው ሲወጣ ብዙ ጊዜ ቅጠሉ ራሱ ይመለሳል።

3. አፈሩ ኖራማ ነው ወይ? እርጥብ ካልሆነ አፈር ጥቂት ወስዳችሁ የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። አረፋ እያወጣ ከፈላ ኖራ አለበት። በዚህ መሬት ላይ ብረት አፈር ውስጥ መበተን ገንዘብ መበተን ነው።

4. ኮምጣጣ አፈር ላይ ኖራ የምትጨምሩ ወገኖች፣ በተነገራችሁ ልክ ብቻ ጨምሩ። «ትንሽ ከጠቀመ ብዙ ይበልጥ ይጠቅማል» አትበሉ። ኖራ ከልክ ሲያልፍ ብረቱንም ዚንኩንም ይቆልፋል። በጣም ኮምጣጣ በሆነ አፈር ላይ ደግሞ ችግሩ የብረት ማነስ አይደለም፤ እዚያ ብረት መርጨት ከንቱ ነው።

5. ብረት ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የግሪን ሙከራ አድርጉ። 5 ግራም ያህል፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ፣ የብረት ሰልፌት በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ አሟሙ። ዱቄቱ አረንጓዴማ መሆን አለበት፤ ቡናማ ከሆነ ዝጓልና አይሠራም። ከሌላ ፀረ ተባይ ወይም ማዳበሪያ ጋር አትቀላቅሉት። ፀሐይ ሲበርድ ወደ ማታ ላይ በሁለት ሦስት ተክል አዲስ ቅጠሎች ላይ ብቻ ቀቡ፤ በክር ምልክት እሠሩበት። ሌላውን ተዉት። ልብስና ቆዳ ስለሚያበላሽ ጓንት አድርጉ፤ ከልጆችም አርቁት።

6. ከ7 እስከ 10 ቀን ጠብቁ። የተቀባው ቅጠል ከለመለመ፣ ወይም ጠብታው ባረፈበት ቦታ አረንጓዴ ነጠብጣብ ካወጣ፣ ችግሩ ብረት ነው። ምንም ካልተለወጠ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማሳውን ሁሉ ከመርጨት ዳናችሁ።

7. ብረት ከሆነም ቅጠል ላይ የተረጨው የሚጠቅመው ያን ቅጠል ነው። በኋላ የሚወጣው አዲስ ቅጠል እንደገና ሊገረጥ ይችላልና መደጋገም ይፈልጋል። ስለዚህ በቋሚነት የሚያዋጣው የወይን ገበሬዎቹ መንገድ ነው። ለመሬቱ የሚስማማ ሰብልና ዝርያ ምረጡ፣ ብስባሽ ጨምሩ፣ ውሃ አጠንፍፉ፣ ከተቻለ ከሣር ወገን ሰብል ጋር አሰባጥሩ። ብስባሽ ሲበሰብስ የሚወጣው ነገር ራሱ ብረትን በመጠኑ ያቅፋል።

እነ ግሪ፣ እነ ጆንሰን ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ግን ማሳውን ሁሉ ከመንካታቸው በፊት በጥቂት ቅጠል ጀምረው፣ ቀን ቆጥረው፣ ዓይናቸው ያየውን አምነው ነው የሠሩት። ለዚያ ደግሞ የእነሱ ቤተ ሙከራ አያስፈልጋችሁም። አንድ ሊትር ውሃ፣ አንድ ማንኪያና አንድ ክር ይበቃል።

የሞከራችሁ ውጤቱን በፎቶ ላኩልኝ፤ የተቀባውንና ያልተቀባውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ። ቢሳካም ባይሳካም ላኩ፤ ያልተሳካውም ለጎረቤት ትምህርት ነው። ስማርት ስልክ ለሌላቸው አባቶችና እናቶችም አንብቡላቸው።

ዘመኑን የጥጋብ ያድርግልን። ቸር ያሰማን።